ሐይቁ ሲተኛ የሚጠፋው ኔትወርክ

ግንቦት 14፣ ማክሰኞ

ደህና ዋልኩ። ቀትር ላይ ደሴቱ ኮረብታ ላይ ያስተከልኩት የኔትወርክ ዲሽ ከማዶው ጋር ተያያዘ። መሃል ላይ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ውሃ አለ... ሌላ ምንም የለም። የሥራ ባልደረባዬ ብዋናሊ ማዶ ተራራው ላይ ነው ያለው። በስልክ ጆሮዬን አደነቆረኝ።

«ቴምዋ! አየሁሽ! ሲግናሉ ስልሳ አንድ! አንቺስ?»

«እኔም ስልሳ አንድ።»

«በይ እንግዲህ ግብዣ አለብሽ። እዚህ ከዝንጀሮ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የሰነበትኩት።»

አለቃችን ምሲስካም ደስ ብሎታል። ገመዱን የደሴቱ ክሊኒክ ድረስ ዘርጊና ርክክብ፣ አለ። በቃ።

ማታ ለአከራዬ ለንያቺርዋ ነገርኳቸው። ኡሲፓቸውን ከፀሐይ እየሰበሰቡ ነበር፤ «ጎሽ ልጄ» ብለው ወደ ዓሣቸው ዞሩ። ልጃቸው ፋለሲ ግን አለቀቀችኝም። ዘጠነኛ ወሯ ሊገባ ነው፣ ባሏ ማዶ ነው የሚሠራው፣ እሷ እናቷ ቤት ሆና ሰው መልከፍ ነው ሥራዋ።

«ያ ሳህንሽ ግን ዓሣ አይጠበስበትም?»

«በእሱ በኩል ነው ማዶ ያለችው ዶክተር ሆድሽን የምታየው።»

«ሆዴን? ባሌ እንኳን ደፍሮ አያየውም!»

ስንስቅ ንያቺርዋ ተቆጡን። ሁሉም ደህና ነው። ታዲያ ለምንድነው የምቁነጠነጠው? ሥራ ቶሎ ሲያምርልኝ ልቤ አያርፍም... ልማዴ ነው።

ግንቦት 16

ጎህ ሲቀድ ኔትወርኩ ጠፋ። ረፋዱ ላይ ራሱ ተመለሰ። ምን ነካው?

ግንቦት 19፣ እሑድ

ዛሬም ጠዋት። ሰባ... ሰማንያ... ሰማንያ ስምንት... ከዚያ ባዶ። እዚህ ሥራ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ሲግናሉ እየሞተ ነው ማለት ነው። ፋለሲ ይህን ስነግራት «አንቺ ሁሉ ነገርሽ የተገላቢጦሽ ነው» አለችኝ።

ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ምሰሶው ላይ ወጣሁ። ገመዱን ፈታሁ፣ አጠበቅሁ። ውሃ ገብቶበት ይሆን ብዬ ማያያዣውን በጨርቅ ወለወልኩ። ደረቅ ነው። ዲሹን በጣት ያህል ወደ ግራ... ወደ ቀኝ... መለስኩት። ብዋናሊም በበኩሉ እንዲሁ። ምንም።

«ምናልባት እኔን ጠልቶኝ ነው» አለ። «አንቺን ማን ይጠላል?»

ለምሲስካ ደወልኩ። ጠዋት ምን አስነሳሽ፣ በቀትር ለኪው አለ። በቀትር ደህና ነው እኮ አልኩ። ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? አለኝ።

ምን እፈልጋለሁ?

ግንቦት 23

ዛሬ ጥሩ ቀን! ከጠዋት ጀምሮ ምዌራ የሚሉት ብርቱ ነፋስ እየነፈሰ ነው፣ ሐይቁ ነጭ አረፋ ለብሷል፣ አንድም ጀልባ አልወጣም። ኔትወርኩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ፋለሲ የመጀመሪያዋ ሆነች። አዋላጇ ኤነለስ አልትራሳውንዱን ሆዷ ላይ ስታንሸራትት ምስሉ ማዶ ሆስፒታል ዶክተር ማሴኮ ፊት ይታያል። ኤነለስ ማሽኑ ገና አዲሷ ነው፤ ማንቀሳቀስ እንጂ ማንበብ አልለመደችም። ዶክተሯ «ወደ ላይ... ትንሽ ወደ እኔ... እዚያ ጋ ቁሚ» እያለች ትመራታለች። ወደ እኔ! አጠገቧ የቆመች ነው የሚመስለው።

የሕፃኑ ልብ ሲመታ አየን። ፋለሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣች።

ሕፃኑ አግድም ተኝቷል። ዶክተሯ አልደነገጠችም፤ ገና ሊዞር ይችላል አለች። ካልዞረ ደሴቱ ላይ መውለድ የለባትም፣ በጀልባ ወደ ማዶ ተሻግራ በኦፕራሲዮን ነው። በሳምንቱ እንደገና እንይ ብላ ዘጋች።

ከክሊኒኩ ስወጣ እየዘፈንኩ ነበር መሰለኝ። ሰዎች ዞረው አዩኝ።

ግንቦት 27

ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ።

ነፋስ ሲኖር ጥሩ ነው። ሐይቁ ጸጥ ሲል ይጠፋል። ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ጠዋት ከዚህ አልወጣም። ማሽኑ አይደለም፣ ገመዱም አይደለም... ውሃው ነው። ሲግናሉ በቀጥታም ይመጣል፣ ውሃው ላይ ነጥሮም ይመጣል። ሐይቁ መስታወት ሲሆን የነጠረው ሳይበተን ሙሉውን ይደርስና ሁለቱ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ነፋስ ውሃውን ሲያንኮታኩተው ግን የነጠረው ይበተናል፣ ቀጥተኛው ብቻ ይደርሳል። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ተምሬ ፈተናም አልፌበታለሁ።

ለምሲስካ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ።

«እና ነፋስ ሲኖር፣ ጀልባ መሄድ ሳይችል፣ ኔትወርኩ ይሠራል። ጸጥ ሲል ደግሞ ጀልባው አለ። እግዜር ራሱ አመቻችቶልሻል! ርክክቡን ጨርሺ።»

 እውነት ይመስላል እኮ... ለምን አላመንኩትም?

ግንቦት 30

የፋለሲ ቀጠሮ ነበር። ሐይቁ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ዝም ብሏል። ምስሉ ጀመረ፣ ተቆራረጠ፣ ቆመ። ቢመለስ ብለን ጠበቅን፤ ሲመለስ ዶክተሯ ቀዶ ሕክምና ገብታ ነበር። ለሌላ ቀን ተባለ።

«ግድ የለም፣ እኔም ሆዴም የትም አንሄድም» አለች ፋለሲ።

ሰኔ 2



ንጋት ላይ ንያቺርዋ በሬን መቱት። «ምጥ ጀምሯታል።» እየሮጥን ክሊኒክ ወሰድናት። ውጭ አንድ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ወደ ሐይቁ ሳላይ አወቅሁት።

ኤነለስ ሆዷን በእጇ ዳሰሰችው። «አንዴ ጭንቅላት ይለኛል፣ አንዴ መቀመጫ... ቴምዋ፣ ክፈቺልኝ። እባክሽ ክፈቺልኝ።»

ኮረብታው ላይ ሮጬ ወጣሁ። ምን ላደርግ? ሰማንያ ዘጠኝ። ባዶ። አጥፍቼ አበራሁ። ብዋናሊ እንቅልፉን ሳይጨርስ ተነስቶ ዲሹን በእጁ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ባዶ። ምሰሶውን በጡጫ መታሁት።

ስልክ ይሠራል፤ ስልክ ግን ምስል አያሳልፍም። ዶክተር ማሴኮ «ሳላይ መቆመር አልችልም» አለች። «አግድም ከሆነ እዚያ ሁለቱም ይሞታሉ። ሐይቁ ጸጥ ካለ አሁኑኑ ላኳት።» ልክ ናት። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

ሁሉም አጎቴ የሚለው ጀልበኛው ዳውሲ የክሊኒኩን ጀልባ አስነሳ። ኤነለስ አብራ ገባች። ፋለሲ በሁለት ምጥ መሃል ቀና ብላ አየችኝ፤ «ሳህንሽ ላይ ዓሣ ጥበሺ ብዬሽ ነበር» አለች። ንያቺርዋ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ጀልባው እስኪያንስ አዩ።

ረፋዱ ላይ ምዌራ ተነሳ። ያለ ማስጠንቀቂያ... መጀመሪያ ዛፎቹ፣ ከዚያ ውሃው። ጀልባው ገና መሃል ላይ ነው።

ኔትወርኩ ተመለሰ። ስልሳ። እስከዛሬ ያየሁት ምርጥ ቁጥር። 

ሰኔ 3

ወሬ የለም። ማዶ አልደረሱም። ንያቺርዋ ዳርቻው ላይ ተቀምጠዋል። ኡሲፓው ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ነው፣ ቁራ እየበላው።

ከኮረብታው ላይ በመነጽር አያለሁ። አረፋ ብቻ። እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። መቀመጥ አልቻልኩም።

ሰኔ 4

መጡ። ተመልሰው ወደዚህ።

አጎቴ ዳውሲ ማዕበሉ ሲበረታ በደቡብ በኩል ያሉት ቋጥኞች ጀርባ አስጠግቷቸው ነበር። እዚያ ወለደች። እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ በነፋስ። ሴት። አልቅሳለች አለ ዳውሲ፤ እሱም ሰምቷታል። ያላቸው ልብስ ሁሉ ርሶ ነበር። ኤነለስ ደረቷ ውስጥ አስገብታ ልታሞቃት ሞከረች። ሳይነጋ ቀዘቀዘች።

ፋለሲ ደህና ናት። ደህና ማለት... ተራምዳ ከጀልባው ወረደች።

ኤነለስ ወደ ጎን ወሰደችኝ።  «ጭንቅላቷ ነው የቀደመው። ተስተካክላ ነበር። ቴምዋ... እዚህ አልጋው ላይ እናዋልዳት ነበር እኮ።»

ሰኔ 6

ቀበርናት። ትንሽ ሳጥን። ባሏ ከማዶ በመርከብ ደርሷል።

ንያቺርዋ አያናግሩኝም። የበቆሎ ገንፎዬን፣ ንሲማዬን፣ ከነወጡ በሬ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 9

ምሲስካ ደወለ። ለምርቃቱ እንግዶች በወሩ መጨረሻ ይመጣሉ፣ የርክክቡ ወረቀት እስካሁን ለምን አልተፈረመም?

«አይሠራም» አልኩት።

«ስልሳ አንድ ብለሽኛል።»

«በቀትር ነው።»

«ሁሉም ቦታ በቀትር ነው የሚለካው።»

«ሴት ግን በቀትር ብቻ አታምጥም!»

 በሥራ ዘመኔ ጮኼበት አላውቅም። እሱ ግን ቀስ ብሎ «የሆነው ያሳዝናል» አለ። «ግን ነፋሱን አንቺ አላመጣሽውም። እኔም አላመጣሁትም። ካልፈረምሽ የሚፈርም ሰው እልካለሁ።»

«ይላኩ» አልኩ። 

ሰኔ 12

ከብዋናሊ ጋር ስንከራከር ዋልን። ሁለት ዲሽ እንስቀል፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይይዛል አለ። ልክ ነው፤ ግን ሁለተኛ ዲሽ የት አለ? ቢጠየቅ ለዓመት ይመጣል። ምሰሶውን እናስረዝም? ካስረዘምነው የባሰ ብዙ ውሃ ያያል።

አመሻሹ ላይ እዚያው ምሰሶው ሥር ተቀምጬ ነበር። ፀሐይ ማዶ ወደ ተራሮቹ ስትወርድ ሐይቁ ላይ አንጸባርቃ ዓይኔን አጥበረበረችው። በእጄ ብከልል አልሆነም። ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ከኮረብታው አፋፍ ጀርባ፣ ሣሩ ላይ... ስዞር ጸብራቁ የለም። ውሃው የለም። ኮረብታው ራሱ ጋርዶታል። የብዋናሊ ተራራ ግን ከሣሩ በላይ ቁጭ ብሏል፣ ሙሉውን።

ቆምኩ። ጎንበስ አልኩ። ቀና አልኩ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር።

ብዋናሊ ያለበት በጣም ከፍ ያለ ነው፣ እኛ ዝቅ ያልን ነን። የሚነጥረው እኛው አጠገብ ባለው ውሃ ላይ ነው። ዲሹ ያን ውሃ ካላየ...?

እስከ ዛሬ ከፍታ ስፈልግ ነበር። ምሰሶውን ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያስተከልኩት እኔ ነኝ፣ ምሲስካም አጽድቆታል።

ሰኔ 13

ምሲስካ፦ «ወደ ኋላ? ወደ ታች? አንቺ ልጅ ዕረፍት ያስፈልግሻል።» እንግዶች ሳይመጡ አንድ ብሎን እንዳይነካ አለ። ብትነኪ ሥራሽን ተሰናበቺ።

ሲግናሉ ይቀንሳል፣ ይህን አልደበቅሁትም። ኮረብታው ከቀጥተኛውም ትንሽ ይነካል። ምናልባት ደግሞ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። ያን ጊዜ በነፋስ ቀንም የሚሠራ ነገር አይኖረንም... ይህን ማን ይሸከማል?

ብዋናሊን ጠየቅሁት። «አለቃው ያለውን እንዳልሰማሁ እሆናለሁ» አለ። «ዲሹን በስንት ሰዓት ላዙርልሽ?»

ሰኔ 14

አዛወርነው።

አጎቴ ዳውሲ ሦስት ዓሣ አጥማጆች ይዞ መጣ። ምሰሶውን ፈትተን አጋደምነው። ቁልቁል ሳይሆን ወደ ኋላ ስለሆነ ድንጋዩ አስቸገረን። መሃል ላይ ገመዱ ተበጠሰ፣ ምሰሶው ተንሸራተተ፤ ዳውሲ ለጥቂት እግሩን አዳነ። ሁላችንም ቆመን ተያየን።

ንያቺርዋ ከታች ሲወጡ አየሁ። ቀስ እያሉ፣ በሽተኛ ጉልበታቸውን እየያዙ። ትከሻቸው ላይ የሟች ባላቸው የመረብ ገመድ አለ። መሬት ላይ ወረወሩት።

«ገመዳችሁ የበሰበሰ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያወጡት የመጀመሪያ ቃል። ለእኔ ይሁን ለዳውሲ አላውቅም። ምሰሶው እስኪቆም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ስልሳ አምስት። ብዋናሊ «አባባስሽው» አለ። ቀልዱን አይመስልም ነበር።

ሰኔ 15

ነፋስ። ስልሳ አምስት። ይህ ምንም አይነግረኝም።

ሰኔ 16

ነፋስ።

ሰኔ 17

ነፋስ። ሰው ሁሉ ሐይቁ ጸጥ እንዲል የሚለምነው ዓሣ ለማጥመድ ነው። እኔ ለምን እንደምለምን ቢያውቁ... ያውቃሉ ለካ። ዳውሲ መንገድ ላይ «ነገ ይተኛል» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ሰኔ 18

ተኛ።

ከንጋት በፊት ነቃሁ፣ ዝምታው ነው የቀሰቀሰኝ። ኮረብታው ላይ ስደርስ ሐይቁ ሰማይ መስሏል፣ የቱ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ላፕቶፑን ለመክፈት ድፍረት አጣሁ። ከፈትኩ።

ስልሳ ስድስት። ጠበቅሁ። ስልሳ ስምንት... አሁን ነው፣ አሁን ይወድቃል... ስልሳ ሰባት። ስልሳ ስድስት። ፀሐይ ወጣች። ስልሳ ስድስት። መውደቁ ነው ባልኩ ቁጥር ይመለሳል።

ብዋናሊ ደወለ። «እያየሽ ነው?» አለ በሹክሹክታ፣ ጮክ ካለ የሚያስደነግጠው ይመስል።

«እያየሁ ነው።»

«እኔ አልተነፍስም።»

«ተንፍስ።»

አላለቀስኩም፣ አልዘፈንኩም። ያቺ ትንሽ ሳጥን ነበረች ዓይኔ ላይ። የዘገየሁት በሁለት ሳምንት... ብቻ።

ሰኔ 25

ምሲስካ ከእንግዶቹ ቀድሞ በመርከብ መጣ። ኮረብታው ላይ ወጣ፣ ምሰሶውን አየ፣ የተተወውን ጉድጓድ አየ። ነገ ጠዋት ጸጥ ሲል ይዩት አልኩት።

ሰኔ 26

አየ። ከእኔ ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጦ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ፀሐይ ወጥታ እስክትሞቅ። ሐይቁ ንቅንቅ አላለም፣ ቁጥሩም እንዲሁ።

«ከታቀደው በታች ነው» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ያለ ፈቃድ ነው።»

«አዎ።»

ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። ቀትር ላይ ለደረሱት እንግዶች ስለ መዛወሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ለእኔ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በእጄ ሰጠኝ። ምሰሶውን መልሺ አላለም። ይኸው ነው። ደብዳቤውን ተቀብዬ የርክክቡን ወረቀት ፈረምኩ። አሁን የፈረምኩበትን አውቀዋለሁ።

ሐምሌ 3

ዛሬ ሐይቁ ከንጋት ጀምሮ ተኝቷል።

ከሰሜን በኩል ካለው መንደር አንዲት ሴት በምጥ አመጡ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። እናቷ ገና በሩ ላይ ሆና «ጀልባው የት አለ? ነፋሱ ሳይመጣ!» እያለች ታለቅሳለች። አጎቴ ዳውሲ ቤንዚን ይዞ ዳርቻው ላይ ቆሟል። ሁሉም ወደ ኤነለስ ያያል፣ ኤነለስ ወደ እኔ።

«ክፍት ነው» አልኳት።

ዶክተር ማሴኮ ስክሪኑ ላይ ወጣች። ምስሉ አንዴም አልተቆረጠም። ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ እዚያ ጋ ቁሚ... ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው፣ እኔም ለየሁት። «የትም አትሂድ» አለች ዶክተሯ። «እዚያው ትውለድ። ከኤነለስ ጋር እስከ መጨረሻው እዚሁ ነኝ።» ዳውሲ ሰምቶ ጀልባውን ወደ አሸዋው ሳበው።

ፋለሲ በሩ ሥር ቆማ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ክሊኒክ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ማን እንደነገራት አላውቅም። ገብታ አጠገቤ ቆመችና ምስሉን አየች። ቀጥ ብላ፣ ረጅም ጊዜ።

«እንዲህ ሆኖ ነው የሚታየው? ጸጥ ባለም ቀን?»

«አዎ።»

«የእኔም እንዲህ ትታይ ነበር?»

ልዋሻት ፈለግሁ። አቃተኝ።

«አዎ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። ሴትየዋ ከውስጥ ጮኸች፣ ኤነለስ «አንድ ሰው እጇን ይያዝልኝ!» አለች። እናትየው እየተንቀጠቀጠች ነው፣ ልትነሳ አልቻለችም።

ፋለሲ ነጠላ ጫማዋን የማዋለጃው ክፍል በር ላይ አወለቀች። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ገባች።